የዘመመው ግድግዳ

ግንበኛው ቱንቢ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ሁሉንም ይጠረጥር ነበር። ሲሚንቶ ሲመጣ ከረጢቱን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ ያዳምጣል። አሸዋ ሲራገፍ እፍኝ ዘግኖ ያሸታል። ሰው «ደህና አደሩ» ሲለው እንኳን ከሰላምታው ጀርባ ምን እንዳለ ለማወቅ ቆም ይላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ጠዋትም ማታም ይደግማታል። እሱ የቆመበት ሕንፃ ተሰንጥቆ ስለማያውቅ ደግሞ ጠባይህን አስተካክል የሚለው ሰው አልነበረም።

እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው ባለቤቱ ብቻ ናት። ቱንቢ ያሉት ዓይኑን አይተው ነው። ቱንቢ ማለት ከክር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያየው በእሱ ነው። ይኼ ሰውዬ ግን ክርም ብረትም አይፈልግም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ይቃኝና «ሦስተኛዋ ብሎኬት ወደ ውጭ ወጥታለች» ይላል። ይለካል፤ ወጥታለች። ሥራ ተቋራጩ የግድግዳ ነገር ሲሆን ከመሐንዲሱ በፊት የሚጠይቀው እሱን ነበር። «ጋሽ ቱንቢ ካለ አለ ነው» ይላል።

ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። ጉንፋኑ ሊለቀው ሲል፣ በዕረፍት ቀን፣ ልጁ ቤት ምሳ ተጠራ። ልጁን ያገባት እዚያው ሕንፃ ላይ አብሮት የሚሠራ ግንበኛ ነው፤ የካዞላን፣ የዚያችን የሲሚንቶ ማንኪያ፣ አያያዝ ያስተማረው ራሱ ቱንቢ ነው፣ ካስተማራቸውም ሁሉ እንደሱ እጁ የሰላ የለም። አማቹ በዚያን ቀን ተነስቶ በገዛ እጁ ሾርባ ቀዳለት። «አባባ፣ ጉንፋኑን ያባርርልዎታል» አለው። ቱንቢ ጠጣ፣ መረቀ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ጣሪያው ይዞራል። ጨፈነ፤ አልጋው መዞር ጀመረ። ፍራሹን በሁለት እጁ ጨብጦ ባለቤቱን ጠራት። ቀና ሲል ያስታውከዋል፣ ሲተኛ ያዞረዋል፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥም መሬቱ አይተወውም። ባለቤቱ ደም ግፊት ነው አለች፣ ጎረቤት ጨጓራ ነው አለ፣ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ማዞር የሚያስታግስ ክኒን ሰጠው። ክኒኑ ማስታወኩን አቆመለት፤ በዚያውም ቀኑን ሙሉ የሚያስተኛው ሆነ። ቱንቢ ግን በእንቅልፉ መሐል ሌላ ሐሳብ ያብላላ ነበር። ትናንት የት ዋልኩ? ምን ቀመስኩ? ማን ነው የቀዳልኝ?

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ምክንያት አያጣም። ሥራ ተቋራጩ በቅርቡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሽ ቱንቢ፣ ሲደክምዎት እንኳን ተተኪ አለዎት» ብሎ ወደ አማቹ ጠቁሞ ነበር። ምርቃት ነው። ቱንቢ ግን «ሲደክምዎት» የምትለዋን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ።

መዞሩ በረድ ሲልለት ሥራ ገባ። የሚዋልል ቢሆንም ራሱን ቀጥ አድርጎ ይራመዳል። በር ሲያልፍ ግራ ትከሻው መቃኑን ይገጨዋል፤ በሩን ማን አጠበበው ይላል። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። አማቹ ሁለት ክፍል የሚለይ ግድግዳ ጨርሶ ካዞላውን እያጠበ ነበር። ቱንቢ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከታች ወደ ላይ ቃኘው።

ግድግዳው ዘሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ምኑ፣ አባባ?»

«ዘሟል!»

አማቹ ደነገጠ፤ የቱንቢ ዓይን እንደማይሳሳት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሮጦ ውሃ ልኩን አመጣና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ አለች። ገልብጦ ለጠፈው፤ ያኔም መሐል ላይ። «ይዩት» አለ ግራ ተጋብቶ። ቱንቢ ውሃ ልኩን አላየም፤ የሚያየው የአማቹን ፊት ነበር። ውሃ ልክ የሰው መሣሪያ ነው፣ ሊበላሽም ሊያበላሹትም ይችላል። ከኮቱ ኪስ የራሱን ቱንቢ አወጣ፤ ዝና ሳያገኝ የያዘው፣ ማንም የማይነካው የብረት ቱንቢ ነው። ክሩን ከላይ አንጠለጠለው። ብረቱ ተወዛውዞ ተወዛውዞ ቆመ።

ክሩ ከግድግዳው ጋር ትክክል ወረደ። ችግሩ፣ ክሩም ዘሟል።

እንግዲህ እኔና እናንተ ብንሆን እዚህ ጋ ዓይናችንን እንጠረጥር ነበር። ቱንቢ ግን ግንበኛ ነው፣ ያውም ዓይኑ ስሙ የሆነ ግንበኛ። ክር በራሱ እንደማይዘም ያውቃል። የተንጠለጠለ ክር ከዘመመ አንድ ነገር ስቦታል ማለት ነው። ብረትን የሚስብ ደግሞ ምንድን ነው? በዚህ ጊዜ ትዝ አለው፤ አማቹ ከአሮጌ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታው ትልቅ ማግኔት አለው። ሰው እንዳይወጋ ወለል ላይ የወደቀ ሚስማር ይለቅምበታል። ቱንቢ ዘወር ዘወር ብሎ ቢፈልግ ማግኔቱ በቦታው የለም።

«ማግኔትህ የታለ?»

«ታች ያሉት ልጆች ወስደውታል መሰለኝ። ምነው?»

«ወስደውታል መሰለኝ!» አለ ቱንቢ። «እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው የቀበርከው። ውሃ ልኩን አበላሽተህ፣ ቱንቢዬን በማግኔት ስበህ፣ ሰውዬው ዓይኑ ጠፋ ልታሰኘኝ!»

አማቹ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «አባባ፣ ምን አደረግኩዎት?»

ቱንቢ ትልቁን መዶሻ አነሳ። የመጀመሪያውን ሲሰነዝር ራሱም ወደ ግራ ሊወድቅ ነበር፤ አማቹ ሊደግፈው እጁን ቢዘረጋ ገፈተረው። ግድግዳው ገና አልጠነከረምና በቀላሉ ፈረሰ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ከበበ። ቱንቢ ላብ በላብ ሆኖ ፍርስራሹን በእጁ አገላበጠ፣ የብሎኬቱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ዳሰሰ። በመጨረሻ ከድብልቁ ውስጥ የተጣመመች አንዲት ሚስማር አገኘ።

«ይኸው!» ብሎ ወደ ላይ አነሳት።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

ሥራ ተቋራጩ ሲመጣ ፍርስራሹንም፣ ሚስማሯንም፣ ሁለቱንም ሰዎች አየ። ሚስማሯ እንዳላሳመነችው ፊቱ ላይ ይነበባል። ቢሆንም ጋሽ ቱንቢ ካለ አለ ነው ብሎ የኖረ ሰው አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ አላለም ማለት አይሆንለትም። አማቹን «ለጊዜው ቤትህ ሁን» አለው። አማቹ ዕቃውን ሰብስቦ በቱንቢ አጠገብ ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ» አለ። ልጁን ካገባ ወዲህ ከአባባ ሌላ ጠርቶት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሕንፃው ላይ ሹክሹክታ በዛ። ሰውዬው አርጅቷል የሚል አለ፣ ይጠጣል የሚልም አለ፤ ወለሉን ተንገዳግዶ ሲያቋርጥ ያየ ሁሉ የመሰለውን ይጨምራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቱንቢ አንዱንም አልሰማም። እሱን የከነከነው ልጁ መቅረቷ ነው። በየማለዳው ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ትል የነበረች ልጅ፣ አሁን ለእናቷ ብቻ እየደወለች ስልኩን ትዘጋለች።

አንድ ምሽት ባለቤቱ ከመኝታ ቤት የታጠፈ ካርቶን ይዛ ወጣች።

«ይኼን ከቁም ሣጥኑ ሥር ማን ከተተው?»

«እኔ ነኝ። ዘሞ ነበር።»

«ትናንትም አውጥቼው ነበር።»

«አየሽ! ማን አወጣው እያልኩ ነበር እኮ።»

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ቁም ሣጥኑንም አማችህ ነው የሠራው?»

ቱንቢ ካርቶኑን አንስቶ አገላበጠው። ቁም ሣጥኑ ከሠርጋቸው ጀምሮ እዚያው የቆመ ነው።

ባለቤቱ ፋታ አልሰጠችውም፤ ሐኪም ቤት እንሂድ አለችው። እሺ ያለው በራሱ ምክንያት ነው፤ መርዙ ይገኝልኝ ብሎ ነው። ደሜን መርምረው በሾርባ ውስጥ ምን እንደገባ በወረቀት ይሰጡኛል ብሎ ኮቱን ለበሰ፣ የብረት ቱንቢውንም ኪሱ ከተተ።

የጆሮና የሚዛን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ይኼም አጠራጠረው። ስለ ሾርባው ሲነግራት ሳትስቅ አዳመጠችው። ከዚያ የራሷን ጥያቄ ጀመረች። መስማት ቀንሶብዎታል? አልቀነሰብኝም። ምላስዎ ይተሳሰራል፣ ነገር ለሁለት ይታይዎታል፣ እጅ እግርዎ ይዝላል? ኧረ የለም። አፍንጫውንና ጣቷን እያፈራረቀ እንዲነካ አደረገችው፣ አራመደችው፣ ፈገግ ይበሉ አለችው። «እነዚህን የምጠይቅዎት የአንጎል ደም ስር ችግር አለመሆኑን ለማየት ነው» አለች። ቀጥላ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና፣ ዓይንዎን ከአፍንጫዬ አይንቀሉ ብላ፣ ጭንቅላቱን ድንገት ወደ ግራ ዘወር አደረገችው። ዓይኑ ከአፍንጫዋ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ ተመለሰ። ወደ ቀኝ ስታደርገው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ግራው ነው» አለች።

«ምኑ ነው ግራው?»

«በውስጠኛው ጆሮ በኩል የሚያልፍ የሚዛን ነርቭ አለ፣ በግራም በቀኝም። ሁለቱ አንድ ጣውላ ፊትና ኋላ ተሸክመው እንደሚሄዱ ሠራተኞች ናቸው። ጉንፋኑን ተከትሎ የግራው ነርቭ ሳይቆጣ አልቀረም፣ ጣውላውን ለቀቀው። አንጎል ደግሞ ጣውላው ወደ አንድ ወገን ሲወርድ ዓለም የዞረ ይመስለዋል።»

«ሾርባውስ?»

«ሾርባው ምንም አላደረገም።»

ቱንቢ ወደ ባለቤቱ ዞረ። አማቹ ከዚህች ልጅ ጋር ይተዋወቅ ይሆን የምትል ሐሳብ ብልጭ ብላበት ነበር፤ ከነገርኳችሁ ሁሉንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሐኪሟ ከጥግ የፕላስቲክ ባልዲ አምጥታ፣ አፉን ወደሱ አዙራ አጋድማ ያዘችው። ውስጡ፣ መቀመጫው ላይ፣ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። በውጭ በኩል፣ መስመሩ ጀርባ ላይ፣ ዲግሪ የተጻፈበት ክብ ወረቀት ተለጥፎ ከመሐሉ ትንሽ ክር ተንጠልጥሏል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ክብደት አለ። ቱንቢ ክሩን ሲያይ ነቃ አለ። ይኼ የሱ ዕቃ ነው።

«ፊትዎን እዚህ ውስጥ ያስገቡ። ከመስመሩ ሌላ ምንም እንዳይታይዎት። እኔ ባልዲውን አዞራለሁ፣ መስመሩ ቀጥ ሲል ቁሚ ይበሉኝ።»

ቱንቢ ፊቱን ባልዲው ውስጥ ከተተ። ለሱ የሕፃን ጨዋታ ነው። መስመሩ ዞረ፣ ዞረ። «ቁሚ!» አለ፤ ሥራ ላይ ሲያዝ በነበረበት ድምፅ።

ወጥቶ ክሩን አየ። ክሩ ዜሮ ላይ የለም። ሰባት ላይ ነው፣ ወደ ግራ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ስምንት።

«ይኼ ክብደት ምንድን ነው?»

«የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ነው።»

እርሳስን ማግኔት አይስበውም። ቱንቢ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ሲል አዞረውና ወንበሩን ያዘ። ኪሱ ገብቶ የራሱን ቱንቢ አወጣና ከባልዲው ጎን አንጠለጠለው። ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ እኩል ወረዱ። «እስቲ አንቺ ሞክሪ» አለ ባለቤቱን። በሕይወቷ ብሎኬት አንስታ የማታውቅ ሴት ፊቷን ባልዲው ውስጥ ከታ «እዚህ ጋ ቁሚ፣ የኔ ልጅ» አለች። ክሩ ዜሮ ላይ ነው።

ቱንቢ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፈራ። መርዝ ቢሆን በተሻለው ነበር፤ መርዝ የሌላ ሰው ጥፋት ነው። ዓይኑ ፊት የቆመው ፍርስራሹ ነበር፣ በእጁ ያነሳት ጠማማ ሚስማር፣ «ምን አደረግኩዎት» ያለው ድምፅ።

«ብዙ ሰው ይኼን ያህሉን ዝማሜ ልብ አይለውም» አለች ሐኪሟ። «እርስዎ ያዩት ሥራዎ ስለሆነ ነው።»

«ይድናል?»

ብዙውን ጊዜ አንጎል በቀረው መረጃ መሥራት ይለምዳል አለችው፤ ግን ማሠራት አለብን። ክኒኑን አስቆመችው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን አንጎልዎን እያስተኛ ትምህርቱን ያዘገይበታል አለች። አውራ ጣቱን ፊት ለፊቱ አቁሞ፣ ዓይኑን ከጣቱ ሳይነቅል ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዝ አሳየችው። ግድግዳ አጠገብ ሆኖ ተረከዙን በጣቱ እያስነካ እንዲራመድ፣ ክፍሉ ጥግ ላይ ትራስ ረግጦ እንዲቆም ነገረችው። መወጣጫ ላይ ግን እኔ ሳልፈቅድ አይወጡም አለች። ቱንቢ ጣቱን አቁሞ ጭንቅላቱን ቢያወዛውዝ ክፍሉ ዞረበት።

«አንቺ ልጅ፣ የሚያዞረኝን በሚያዞር ነው የምታክሚኝ?»

«አዎ። ሲያዞርዎት እየተማረ ነው ማለት ነው።»

አላመናትም። ግን ክሩን አይቷል፣ ክርን ደግሞ መካድ አይችልም።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ልጁ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተው አማቹ ነው። ወንበር አመጣለት፣ ራሱ ግን ቆሞ ቀረ። «ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

ቱንቢ አልተቀመጠም። «ግድግዳህ ቀጥ ያለ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«የዘመምኩት እኔ ነኝ። ነርቭ ነው አሉ፣ የጆሮ።» ይህን ብቻ ብሎ ቢወጣ ይችል ነበር፤ ግን ግማሽ ግድግዳ ለስኖ የሚሄድ ግንበኛ አይደለም። «ሾርባውንም ጠርጥሬሃለሁ። የሆነ ነገር አበላኝ ብዬ።»

አማቹ ወንበሩን ወደሱ አስጠጋ። «ሾርባውን የሠራችው ልጅዎ ናት» አለ። «እኔ የቀዳሁት ብቻ ነው። እሷንም ጠርጥረው ነበር?»

ይህን ቱንቢ አስቦት አያውቅም። ያን ሁሉ ቀን ሲያብላላ ማን ቀዳው እንጂ ማን ሠራው ብሎ አያውቅም። ልጁ ከውስጠኛው ክፍል ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«አባዬ» አለች፣ «ከሳህንህ የተረፈውን እኮ የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

ቱንቢ ያኔ ተቀመጠ። አለቀሰ ብል ይቀየመኛል፤ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ብዙ ጊዜ ጠረገ ልበል።

በማግስቱ ሕንፃው ላይ፣ ሥራ ተቋራጩም ሠራተኞቹም ባሉበት፣ ዓይኔ ታሟል አለ። ስሙን በገዛ አፉ አፈረሰው፤ ከግድግዳው ይልቅ ይኼኛው ከብዶት ነበር። «ታዲያ ግድግዳዬን ማን ያይልኛል?» አለ ተቋራጩ። «እሱ» አለ ቱንቢ፣ ወደ አማቹ እያመለከተ። ማግኔቱም ታች፣ የሚስማር ባልዲ ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ።

አማቹ ግድግዳውን እንደገና ገነባው። ሲጨርስ ካዞላውን አስቀምጦ ወደ ቱንቢ ዞረ። ቱንቢ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከታች ወደ ላይ ቃኘው።

«ዘሟል» አለ። አንዱ ከኋላ ትንፋሹን ዋጠ። «እንግዲያው ቀጥ ነው ማለት ነው። ለስኑት።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ አውራ ጣቱን ያቆማል፣ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፣ ግድግዳውን ተከትሎ ተረከዙን በጣቱ እያስነካ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን እየተሳሳቁ ያዩት ነበር፤ በኋላ ለመዱት። አማቹ ሲያልፍ «ዛሬስ፣ ጋሼ?» ይለዋል። ቱንቢ «አንድ መዳፍ» ይላል፤ ግድግዳው በዓይኑ የዘመመበትን ያህል መለካቱ ነው። ቆይቶ ሁለት ጣት ሆነ፣ ከዚያም አንድ ጣት። ጋሼ የምትለዋ ግን አልተለወጠችም፤ ቱንቢም አባባ በለኝ ብሎ አልጠየቀም። ያፈረሰውን ያውቃል።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ከግድግዳው ፊት ቆመ። አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀየረና ሌላውን ጨፈነ። ቀረብ ብሎ ልስኑን በመዳፉ ዳሰሰ። ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና አየ። ዛሬ አንድ ጣት እንኳን አልዘመመም፤ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ማነው ይኼን ግድግዳ የነካው?» ብሎ ጮኸ።

አማቹ ውሃ ልኩን ይዞ ከደረጃው ብቅ አለ። ግድግዳውን አየ፣ የአማቱን ፊት አየ፣ ነገሩም ገባው።

«ማንም አልነካውም፣ አባባ» አለ።